የሳምንቱን ወጥ በግማሽ ሠርቶ ማስቀመጥ፦ ለመሀል አዲስ አበባ ቤተሰብ ዝርዝር መመሪያ

ከአራት ኪሎ ወይም ከሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ተርፎ ማታ 1 ሰዓት ላይ ቤት የሚገባ ሰው ሽንኩርት መላጥ አያምረውም። ስለዚህ ወይ ሽሮ ይሠራል፣ ወይ ዳቦ በሻይ ይበላል፣ ወይ ስልክ አንስቶ ከውጭ ያዝዛል። ሽሮን አልጠላም፤ ማን ይጠላል? ግን በሳምንት አምስቴ ሲሆን ልጆቹ ይሰለቻሉ፣ አትክልቱም ከትሪው ላይ ቀስ በቀስ ይጠፋል።

የሳምንት ምግብ አስቀድሞ ማዘጋጀት ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣለት እሁድ ሰባት ዓይነት ወጥ ሠርቶ ፍሪጅ መሙላት ነው። እኔ ይህን አልመክርም። የእሁዱን ወጥ ሐሙስ ላይ የሚጓጓለት የለም። የኮንዶሚኒየም ፍሪጅም ያን ሁሉ ድስት አይችልም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የሰባት ቀን ድካም ባንዴ ይበላሻል። አስቀድመን መጨረስ ያለብን ጊዜ የሚፈጀውን ክፍል ብቻ ነው። በእኛ ወጥ ጊዜ የሚፈጀው ሽንኩርቱ ነው፦ መላጡ፣ መክተፉ፣ ማቁላላቱ። ቁሌት ከተዘጋጀ ምስር ወጥ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ትኩስ ሆኖም ይቀርባል።

ሌላም ነገር አለ። እሁድ የሚሠራው ሁሉ የጾም ይሁን። ቁሌቱ በዘይት ይቁላላ፣ ንጥር ቅቤው በፍስክ ቀን ወጡ ሊወጣ ሲል በማንኪያ ይጨመር። እንዲህ ከሆነ ያው አንድ ቁሌት ለሰኞም ለረቡዕም ያገለግላል። በቤት ውስጥ የሚጾምና የማይጾም ካለም ወጡን ለሁለት ከፍሎ አንዱ ላይ ብቻ ቅቤ ጣል ማድረግ ነው። ቅቤ መጨረሻ ላይ ሲገባ ሽታው ጎልቶ ስለሚቀር ትንሽ ይበቃል። ለጤናም ለኪስም ይሻላል።

ከዚህ በታች ያለው መጠን አምስት ሰው ላለበት ቤት ነው። እናንተ እንደቤታችሁ አስተካክሉት።

ሐሙስ ወይም ዓርብ ማታ፦ ሳምንቱን ጻፉት

አንድ ወረቀት ይበቃል። መጀመሪያ ረቡዕንና ዓርብን አክብቡ። ቀጥሎ ማን መቼ እንደሚያመሽ፣ ትምህርት ቤት የሌለበት ቀን ካለ፣ የዕድር ወይም የማኅበር ቀን ካለ ጻፉ። አንድ ቀን ባዶ ተዉ። አዲስ አበባ ውስጥ ለቅሶ ሳያስጠነቅቅ ይመጣል፣ ዘመድም ከክፍለ ሀገር ሳይደውል ይመጣል። ሰባቱንም ቀን የሞላ ዕቅድ ማክሰኞ ላይ ይፈርሳል።

ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው እንዲህ ያለ ነው፦

ሰኞ፦ ምስር ወጥ፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ።
ማክሰኞ፦ የስጋ አልጫ በድንችና በካሮት፣ ጎመን።
ረቡዕ፦ ሽሮ፣ ፎሶሊያ በካሮት፣ ቀይ ስር።
ሐሙስ፦ ፓስታ በቲማቲምና በድፍን ምስር፣ አቮካዶ።
ዓርብ፦ ክክ አልጫ፣ ጥቅል ጎመን፣ የሽምብራ ሰላጣ።
ቅዳሜ፦ የተረፈው ሁሉ።
እሁድ፦ ባዶ።

የአትክልቱን ቅደም ተከተል አስተውሉ። ቶሎ የሚጠወልገው መጀመሪያ ይበላል። ቆስጣና ሰላጣ ከማክሰኞ አያልፉም። ጎመንና ፎሶሊያ እስከ ረቡዕ ይሄዳሉ። ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ስር፣ ድንችና ዱባ ታጋሽ ናቸው፤ ሳምንቱ መጨረሻ ላይ የሚያድኑን እነሱ ናቸው። ብዙ ቤት አትክልት የሚጣለው በዝቶ ስለተገዛ ብቻ ሳይሆን ጥቅል ጎመኑ ሰኞ ተበልቶ ቆስጣው ለዓርብ ስለሚቀመጥ ነው።

የቅዳሜውን «የተረፈ» አትናቁት። ሦስት ጭልፋ ሽሮ፣ ትንሽ ክክ፣ የቀረ ጥቅል ጎመንና የሽምብራ ሰላጣ አንድ እንጀራ ላይ ሲደረደሩ ስማቸው በያይነቱ ነው፤ ምግብ ቤት ገብተን ከፍለን የምንበላው እሱን አይደል?

ገበያ

ግዢውን ለሦስት ክፈሉት። ደረቁ እህል የወር ነው፦ ምስር፣ ክክ፣ ሽሮ፣ ሽምብራ፣ ቂንጬ፣ በርበሬ፣ ዘይት። ይህ ከመርካቶ፣ ከሾላ ገበያ ወይም ከሸማቾች ይገዛል። አትክልቱ የሳምንት ነው። አትክልት ተራ ከፒያሳ ከተነሳ ወዲህ የመሀል ከተማ ሰው አትክልት በጅምላ ለመግዛት ሩቅ መሄድ አለበት። ስለዚህ በየክፍለ ከተማው የሚቆመው የእሁድ ገበያ ለብዙዎቻችን የተሻለ አማራጭ ነው። ሦስተኛው የጉሊት ነው። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ሎሚና ሙዝ ረቡዕ ወይም ሐሙስ ከሰፈር ጉሊት ትንሽ ትንሽ ይገዛል። ለእነዚህ ሁለት ብር ለማትረፍ ብሎ ሩቅ መሄድ አያዋጣም።

አቮካዶና ሙዝ ስትገዙ ሁሉም አንድ ዓይነት የበሰለ አይሁን። የተወሰነው ለነገ የሚደርስ፣ የተወሰነው ገና ጠንካራ ይሁን። ሻጯን ጠይቋት፤ «ለዛሬ ነው ወይስ ለሐሙስ?» ብላ መርጣ ትሰጣችኋለች።

ለዚህ ሳምንት የሚያስፈልገው 3 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት፣ አምስት ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ 2 ኪሎ ድንች፣ 1 ኪሎ ተኩል ካሮት፣ አንድ ትልቅ ጥቅል ጎመን፣ ሁለት እስር ጎመን፣ አንድ እስር ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ግማሽ ኪሎ ፎሶሊያ፣ 1 ኪሎ ቀይ ስር፣ 2 ኪሎ ቲማቲም፣ ሎሚ፣ ፍራፍሬ፣ እንቁላልና 1 ኪሎ ስጋ ነው። ፍሪዘር ከሌላችሁ ስጋውን ማክሰኞ እለቱን ከልኳንዳ ግዙት።

ቅዳሜ ማታ፦ መዘፍዘፍ

ሁለት ብርጭቆ ሽምብራ ለቅማችሁ፣ አጥባችሁ፣ በብዙ ውሃ ዘፍዝፉ። ለቁርስ ፉል የሚወድ ቤት ባቄላም ለብቻው ይዘፍዝፍ። ድፍን ምስር መዘፍዘፍ አያስፈልገውም። ምስር መልቀም ለልጆች ጥሩ ሥራ ነው፤ ቴሌቪዥን እያዩም ይለቅማሉ።

ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ የማብሰያውን ቀን ከእሁድ ይልቅ የውሃው ቀን ይወስነው። ጎመን በጀሪካን ውሃ ማጠብ የሚያስመርር ሥራ ነው።

እሁድ ከሰዓት፦ ሦስት ሰዓት የሚፈጀው ሥራ

በቅድሚያ ጥራጥሬው እሳት ላይ ይውጣ፤ እሱ ሲበስል ሌላው ይሠራል። የተዘፈዘፈበትን ውሃ ድፉና በአዲስ ውሃ ቀቅሉት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ነው። ከኢንተርኔት ያገኛችሁት አሠራር «ሽምብራ በአንድ ሰዓት ይበስላል» ካለ ከባሕር ዳርቻ የተጻፈ ነው ማለት ነው፤ እኛ ጋ ይዘገያል። ፕሬዠር ኩከር ያለው ሰው በግማሽ ሰዓት ይገላገላል። አንድ የወጥ ቤት ዕቃ ብቻ ግዙ ብባል የምመርጠው እሱን ነው፤ መብራትም ጋዝም ይቆጥባል። ሽምብራው ሲወጣ አንድ ብርጭቆ ድፍን ምስር ቀቅሉ። ቀይ ስሩም ሳይላጥ፣ ሳይቆረጥ ይቀቀል፤ ሲበስል ልጣጩ በእጅ ይወልቃል፣ ቀለሙም ውሃ ውስጥ አይቀርም።

አሁን ሽንኩርቱ። ሦስቱም ኪሎ። ይህን ሥራ ለአንድ ሰው መተው ግፍ ነው። ባልም ይላጥ፣ ትልልቆቹ ልጆችም ይላጡ፣ ቤት ውስጥ የምታግዝ ሠራተኛ ካለች ዕቅዱን ከመጀመሪያው አብራችሁ አውጡት። ድስቱን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። በብሌንደር የምትፈጩ ከሆነ በጣም አታልሙት፤ ሲልም ውሃ ይለቅና ሳይቁላላ ይቀቀላል።

ቀይ ቁሌት፦ 2 ኪሎውን ሽንኩርት ሰፊ ድስት ውስጥ ያለ ዘይት አቁላሉ። እንዳይዝ መካከለኛ እሳት ላይ አማስሉት፣ ሲይዝ ጠብታ ውሃ ጣል አድርጉ። እናቶቻችን ይህን የሚያደርጉት ለጣዕሙ ነው፤ ለእኛ ደግሞ የዘይቱን መጠን ይቀንስልናል። ሽንኩርቱ ውሃውን ጨርሶ ቡላ ሲል አንድ ብርጭቆ ተኩል ዘይት፣ ቀጥሎ አንድ ብርጭቆ ተኩል በርበሬ ጨምሩ። በርበሬው እንዳያር ሙቅ ውሃ በትንሽ በትንሹ እየሰጣችሁ 20 ደቂቃ ያህል አብስሉት። በርበሬው ካልበሰለ ወጡ ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ሆድም ያቃጥላል። የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምሩና ከ10 ደቂቃ በኋላ አውጡ። ጨው አሁን አታድርጉ። ይህ ለአምስት ይከፈላል፤ አንዱ ክፍል አንድ ወጥ ይሠራል።

አልጫ ቁሌት፦ የቀረው 1 ኪሎ ሽንኩርት በዚያው ዓይነት ይቁላላና ግማሽ ብርጭቆ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና አንድ የሾርባ ማንኪያ እርድ ይገባበታል። ለሦስት ይከፈላል። በርበሬ የማይችሉ ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤት ከዚህኛው አብዝቶ ይሥራ።

ቁሌቱ ሲንተከተክ አትክልቱን እጠቡ። ጎመኑን በንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ አጥባችሁ ክተፉት፣ በጥቂት ውሃ ክዳን ገጥማችሁ ለጥቂት ደቂቃ አብስሉት። ቀቅሎ ጨምቆ ውሃውን መድፋት የቆየ ልማድ ነው፤ ቫይታሚን ሲውም ከውሃው ጋር ይደፋል። ስለዚህ ውሃው ከመጀመሪያው ትንሽ ይሁን። ፎሶሊያና ካሮት ተቆርጠው በደንብ ይድረቁና ክዳን ባለው ዕቃ ይግቡ። ድንች ግን ቀድማችሁ አትቁረጡ፣ ይጠቁራል። ቲማቲም ፍሪጅ አይግባ፣ ጣዕሙ ይጠፋል።

ሰላጣ ላይ ጠንቀቅ በሉ። በከተማዋ ዙሪያ ከሚለማው አትክልት አንዳንዱ የአዲስ አበባን ፍሳሽ ይዘው በሚወርዱት የአቃቂ ወንዞች ውሃ የሚጠጣ ነው። ቅጠሉን አንድ በአንድ ገንጥላችሁ በንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡ። አቼቶ ያለበት ውሃ ውስጥ ማቆየት ይረዳል፤ ግን አቼቶ ጀርሙን ሁሉ አይገድልም። ለሕፃናት ጥሬ ቅጠል ከመስጠት የበሰለ አትክልት ይሻላል። የታጠበው ሰላጣ ደርቆ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጥ።

ስጋው የመጨረሻ ነው። ከአትክልቱ በኋላ እንጂ በፊት አይከተፍ፤ መክተፊያውና ቢላዋው ጥሬ የሚበላውን እንዳይበክሉ። ለአንድ ወጥ በሚበቃ መጠን ከፋፍላችሁ በላስቲክ ጠፍጠፍ አድርጋችሁ ፍሪዘር አስገቡ። ጠፍጣፋው ቶሎ ይበርዳል፣ ቶሎም ይቀልጣል።

ማቀዝቀዝና ማስቀመጥ

እዚህ ላይ ቸል ማለት ያሳምማል። የበሰለ ነገር ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ። ትልቅ ድስት እንዳለ ፍሪጅ ከገባ መሀሉ ለብዙ ሰዓት ሙቅ ሆኖ ይቆያል፣ አጠገቡ ያለውንም ያሞቃል። ቁሌቱንና ጥራጥሬውን በትንንሽ ዕቃ ከፋፍሉ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አቁሙት፣ እንፋሎቱ ሲበርድ ክደኑና አስገቡ። ትኩስ ነገር በፌስታል አታስሩ። ለበርበሬ የብርጭቆ ወይም የስቲል ዕቃ ይሻላል፤ ፕላስቲኩ ለዘላለም ቀይ ሆኖ ይቀራል።

የሰኞና የረቡዕ ቀይ ቁሌት እንዲሁም የማክሰኞ አልጫ ቁሌት ፍሪጅ ይግባ፣ የቀረው ፍሪዘር። ድፍን ምስሩና ሽምብራውም ፍሪዘር ይግቡ። የበሰለ ነገር ፍሪጅ ውስጥ የሚቆየው ከሦስት እስከ አራት ቀን ነው። ፍሪዘር ውስጥ ቁሌት ሁለት ወር ይቆያል። ዕቃው ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ ስሙንና ቀኑን ጻፉ። ከበረዶው በታች ቀይ ቁሌትና የቲማቲም ስልስ አንድ ይመስላሉ።

መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን አትክፈቱ። ካልተከፈተ እስከ አራት ሰዓት ቅዝቃዜውን ይይዛል። ጢም ያለ ፍሪዘር ሳይከፈት እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሞላው 24 ሰዓት ይቆያል። ስለዚህ ክፍቱን ቦታ ውሃ በሞላ ሃይላንድ ሙሉት፤ ውሃው ሲረጋ ስለሚያብጥ እስከ አፉ አይሞላ። መብራት ከአራት ሰዓት በላይ ጠፍቶ ከቆየ ፍሪጅ ያለውን ስጋና የበሰለ ነገር አትመኑት። «ሽታው ደህና ነው» ዋስትና አይሆንም።

እንጀራ

እንጀራ የሳምንት አይሆንም። በሁለት ዙር ግዙ ወይም ጋግሩ፦ እሁድና ረቡዕ። ንጹሕና ደረቅ መሶብ ውስጥ ሦስት ቀን ደህና ነው። ሻጋታ ያወጣ እንጀራ ተገምሶ አይበላም፣ ይጣላል። ሊደርቅ የጀመረውን ግን ሻጋታ ሳይቀድመው ቆራርሳችሁ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ፀሐይ አስመቱት፤ ድርቆሽ ሆኖ ለቁርስ ፍርፍር ይጠብቃችኋል። ፍሪዘር ሰፊ ከሆነ ሁለት ሁለት አጥፋችሁ በላስቲክ ማስገባትም ይቻላል።

የየቀኑ ማጠናቀቂያ

ምስር ወጥ፦ አንድ ክፍል ቀይ ቁሌት ድስት ላይ ይሙቅ፣ ሁለት ብርጭቆ የታጠበ ምስር ክክና ስድስት ብርጭቆ ሙቅ ውሃ ይግባበት። ግማሽ ሰዓት። ጨው መጨረሻ ላይ፣ አዮዲን ያለው ይሁን፤ ሲፈላ ከቆየ አዮዲኑ ይቀንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይመክራል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ በርበሬው ራሱ ጨው አለበት፣ ቅመሱና ጨምሩ።

ለስጋው አልጫ ስጋው ሰኞ ማታ ከፍሪዘር ወደ ፍሪጅ ይውረድ። ጠረጴዛ ላይ አይቅለጥ። ማክሰኞ ሥራ የበዛባችሁ ከሆነ ፕሬዠሩ ያፋጥነዋል። የሐሙሱ ፓስታ አንድ ክፍል አልጫ ቁሌት፣ ስድስት የተከተፈ ቲማቲምና የተቀቀለው ድፍን ምስር ነው። ልጆች ምስሩን ከተፈጨ ስጋ ብዙም አይለዩትም። ለዓርብ ክኩን ጠዋት ከቤት ስትወጡ ፍሪጅ ውስጥ ዘፍዝፉት፣ ማታ ቶሎ ይበስላል። ሽምብራውን በቲማቲም፣ በቃሪያና በሎሚ አሹት።

ሎሚው ለጣዕም ብቻ አይደለም። ጥራጥሬና ጎመን ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት በደንብ የሚወስደው ቫይታሚን ሲ አብሮ ሲኖር ነው። ቡናና ሻይ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋሉ። ቡናው አይቅር፣ ኧረ በጭራሽ! ግን ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ይራቅ፤ በተለይ ለነፍሰ ጡርና ደም ማነስ ላለባት።

የተሞቀ ነገር ፈልቶ ይሙቅ፣ ለብ ብሎ አይበላ። አንዴ የተሞቀ ተመልሶ ፍሪጅ አይግባ። የሚበላውን ያህል ብቻ ጭለፉ።

ቁርስና ምሳ ዕቃ

ቁርስ ላይ ብዙ አልደክምም። ቂንጬ ተለቅሞ ከተቀመጠ ጠዋት ቶሎ ይደርሳል። የተቀቀለ እንቁላል ሳይላጥ ፍሪጅ ውስጥ አምስት ቀን ይቆያል። ፉል ከፍሪዘር ይወጣል። በሶ አለ። በጾም ቀን ዳቦ በለውዝ ቅቤና በሙዝ።

ምሳ ዕቃ ግን አሳሳቢ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት የተሞላ ምግብ እስከ 6 ሰዓት ቦርሳ ውስጥ ይቆያል። ትኩስ የሚሄድ ከሆነ ሙቀት የሚይዝ ዕቃ ግዙ፣ በፈላ ውሃ አሙቁት፣ ውሃውን ደፍታችሁ የሚንተከተከውን ምግብ ሙሉና ወዲያው ክደኑ። ሙቀት የሚይዝ ዕቃ ከሌለ ደረቅ ያለ ነገር ይሻላል፦ ዳቦ በለውዝ ቅቤ፣ ቆሎ፣ ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ያልተላጠ ካሮት። የማታ ወጥ በቀዝቃዛው ታሽጎ አይሂድ። ሽሮ ፈሰስማ በጭራሽ፤ ደብተሩን ታውቁታላችሁ።

ሁዳዴ ሲገባ 55ቱን ቀን ሙሉ ቀይ ቁሌቱ ቶሎ ያልቃል፣ መጠኑን ጨምሩ። ለማይጾሙ ትንንሽ ልጆች እንቁላልና ወተት ለብቻ ያዙ። ረመዳን ለሚጾም ቤትም ያው ነው፦ ለማፍጠሪያ ሾርባ አልጫ ቁሌቱ፣ የተቀቀለው ጥራጥሬና የተቆረጠው ካሮት ይበቃሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ፍሪዘሩን ከፍታችሁ የቀረውን ቁሌት ቁጠሩ። ሁለት ቀይ ካገኛችሁ ለነገ የሚገዛው ሽንኩርት 3 ሳይሆን 2 ኪሎ ይሆናል።